ከፈረሰችው ፕላኔት ግርጌ

ይህን ከሰው ከንፈር አልለቀምሁትም። ከመጽሐፍም አልገለበጥሁትም። የሆነው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ የደረሰባት ደግሞ ጓደኛዬ ርሆቦት ናት።

«ውሸት ነው» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። በሉ። እኔ ባንቺአየሁ እንኳን ለእናንተ ለራሴም ደጋግሜ ብየዋለሁ... አልሆነልኝም።

ጨለማና የጅብ ጩኸት የምትጠብቁ ካላችሁም ይቅርባችሁ። ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ አናት ትበሳለች። ቦታው ከሐይቁ ዳር ያለ አዳራሽ ነው፤ ሰው ሞልቶ ለስላሳ ይጠጣል።

የርሆቦት ቤተሰቦች የአዳማ ሰዎች ናቸው። አባቷ ለፋብሪካ ሥራ ሲዛወሩ ልጅ ሆና ነው ይዘዋት የመጡት። አሁን ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነበር፤ ሚዜዋም እኔ ነኝ። ነበርሁ ልበል።

እጮኛዋ ፍሬ ስብሐት ይባላል። የዘጌ ልጅ ነው፣ የቤተ ክህነት ዘር። አባቱ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሐይቁን ገዳማት ግድግዳ ሲሥሉ ነው። ልጃቸው ግን ቡሩሹን ጥሎ ታብሌት ያዘ። ጠፈር፣ ከዋክብት፣ የተቃጠለ ፕላኔት... የሚሥለው እንዲህ ያለውን ነው። እጁ ግን እጅ ነው፤ አይካድም።

ያን ቀን የእሱ ዲጂታል ሥዕሎች ኤግዚቢሽን ነበር።

ከትልቁ ስክሪን ላይ «የፈረሰችው ፕላኔት» የሚለው ሥዕል ተከፍቷል።

አንዲት ፕላኔት ለሁለት ተሰንጥቃለች። ግማሿ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ተፈርፍሮ በጥቁር ሰማይ ላይ ተበትኗል። በስንጥቁ ውስጥ ቀይ ነገር ይታያል... እሳት ይሁን ደም አይለይም።

ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ያነሣል። ርሆቦት በደስታ ልትበር ነው። «የኔ እኮ ነው!» ብሎ መጮህ ብቻ ነው የቀራት።

ፍሬን በዓይኗ ፈለገችው።

ጥግ ላይ ቆሟል። ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቷል። ሰው እየመጣ እጁን ሲጨብጠው እንኳ አንዴም ዞር ብሎ አላየውም።

«አፍሮ ነው» አለች በልቧ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

ከታች፣ ከፕላኔቷ ግርጌ፣ አንዲት ትንሽዬ ሴት ተንበርክካለች። ነጠላ ለብሳለች። ሁለት እጇን ወደ ፍርስራሹ ዘርግታለች።

ርሆቦት ግራ ገባት። ይህን ሥዕል ገና ሲሠራ አይታዋለች። ያኔ እዚያ ቦታ ላይ የተንበረከከው ወንድ ነበር።

ጣቷን ወደ ሴትዮዋ ስታስጠጋ...

ድምፅ ጠፋ።

የአዳራሹ ጫጫታ የለም። ሙዚቃው የለም። ሰው ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው አይሰማም። አጠገቧ ያለች ሴት አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ ሳቋ የለም። ርሆቦት «ኧረ!» አለች። የራሷንም ድምፅ አልሰማችውም።

ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተመለሰ።

ፍሬን በእጁ ጎትታ ወደ ውጭ አወጣችው።

«ያቺ ሴትዮ ማናት?» አለችው በሹክሹክታ።

«የቷ?»

«ከታች ያለችው።»

«እንዲሁ ናት... ለማሳመር።»

«ወንድ አልነበረም እንዴ?»

ግንባሯን ሳማት። እጁን ከእጇ አላቅቆ ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዋ አልፎ አልፎ መስማት ይከዳት ጀመር። እያስተማረች ሳለች ድንገት ተማሪዎቿ አፋቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ታያለች። ቀበሌ አሥራ አራት ላይ አስፋልት ስትሻገር አንድ ባጃጅ ለትንሽ ሳታት። ሹፌሩ ወርዶ ይሰድባታል፣ እጁን ያወናጭፋል... እሷ ምንም አትሰማም።

ሐኪም ቤት ሄደች። «ጆሮሽ ደህና ነው፤ እረፍት ውሰጂ» ተባለች። እንግዲህ እረፍት ለዚህ ምን ይሠራል!

እኔ ነገሩን ያመንሁት ፀጉሯን ስሠራላት ነው።

የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ከሰዓት ነው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ጠዋት ታጥባለች፤ ሻምፖው ገና ይሸታል። ማበጠሪያውን ስከት ግን አንድ ነገር ጭኔ ላይ ፈሰሰ። አመድ የመሰለ ግራጫ አቧራ። አራገፍሁት። አሁንም ፈሰሰ። የተቃጠለ ድንጋይ ይሸታል።

«ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ፎረፎር ነው» አልኋት። ምን ልበላት?

እንዲነፍስባት ብዬ ወደ ሐይቁ ዳር ይዣት ወረድሁ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነው። እምቦጩ ዳሩን ሞልቶታል። እያወራን ትንሽ እንደሄድን ወደ ኋላዬ ዞር አልሁ።

ጭቃው ላይ የአንድ ሰው ዱካ ነው ያለው።

የእኔ ብቻ።

እሷ አጠገቤ ነች፤ ክንዷን ይዤአለሁ። ከበስተኋላዋ ግን መሬቱ አልተነካም። አልነገርኋትም። ወደ ኋላ ማፍጠጤን ግን አየች... ዞራ አየች።

ሁለታችንም ቆመን ቀረን።

«ባንቺ...» አለች ቀስ ብላ። «እኔ አለሁ?»

«አለሽ እንጂ! ምን ትላለች ይቺ!» ብዬ ጮህሁባት። ስፈራ ቁጡ ነኝ።

እቤት እንደገባን ስልኳን አወጣች። ፍሬ ሥዕሉን ልኮላት ነበር። ያቺን የተንበረከከች ሴት አጎላቻት። አሁንም አጎላቻት። አልደበዘዘም። በጎላ ቁጥር ጭራሽ ጠራ።

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ እኛ መልሳለች።

ርሆቦት ናት።

ትመስላታለች አላልሁም። ራሷ ናት። ከነጠላው ሥር ያደረገችው አረንጓዴ ሹራብ፣ ያኔ በዚያች ሰዓት ርሆቦት የለበሰችው ሹራብ ነው። ፋይል ስልክ ውስጥ ተቀምጦ እንዴት ይቀየራል አትበሉኝ። አላውቅም።

ከጉልበቷ ሥር ደግሞ በደቃቅ የቁም ጽሕፈት ተጽፏል።

«ተማኅፀነት...» ይልና የርሆቦት የክርስትና ስም ይከተላል። ከዚያ የእናቷ ስም።

ስሟን አልነግራችሁም። ምን ቆርጦኝ!

ምናልባት የማታውቁ ካላችሁ... በእኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። የንስሓ አባት ያውቀዋል፣ ወላጅ ያውቀዋል፣ በቃ። ከእናት ስም ጋር ለሌላ መንገር ሰውን አሳልፎ መስጠት ነው። እኔ ሚዜዋ እንኳ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ርሆቦት ፊቷ ደም የለውም።

«ለማን ነግረሻል?» አልኋት።

ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችና፣ «ለፍሬ ነው የነገርኩት» አለች። «ከኤግዚቢሽኑ በፊት ጠየቀኝ። "አባቴ በጸሎት ሊያስቡሽ ነው፤ የክርስትና ስምሽንና የእናትሽን ስም ንገሪኝ" አለኝ።»

«ታዲያ እሱ ነዋ!»

«አይደለም!» አለችኝ። ለእሱ ስትል ተቆጣችኝ እኮ! ፍቅር አያድርስ ነው።

ሰኞ ጠዋት ብቻዋን በጀልባ ዘጌ ተሻገረች።

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ከግቢያቸው ዛፍ ሥር ቀለም ይበጠብጣሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሲያዩዋት ደስ አላቸው፤ ብድግ ብለው በርጩማ አቀረቡላት።

«ኧረ በጌታ፣ እኔ እያለሁ እርስዎ...»

«ተቀመጭ፣ ልጄ። የቤቴ ሰው አይደለሽም?»

ልቧ ተነካ። ስልኩን አውጥታ ሰጠቻቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ፕላኔቷን ሳይሆን ግርጌውን ነው ያዩት። እጃቸው ላይ የነበረው ቡሩሽ ወደቀ።

«ስምሽን ማን ሰጠ?» አሉ በሹክሹክታ።

«እርስዎ ለጸሎት አስጠይቀውኝ... ፍሬ...»

«እኔ?» አሉ። «እኔ መቼ፣ ልጄ! ለጸሎት ብፈልግ ራስሽን አልጠይቅሽም?»

ርሆቦት ያን ጊዜ የተሰማትን ስትነግረኝ፣ «አንድ ሰው ከውስጤ ወንበር አንሥቶ የወጣ መሰለኝ» ነው ያለችኝ። አላለቀሰችም። መሪጌታ ናቸው ዓይናቸው እንባ ያቀረረው።

«ስሚኝ» አሏት። «እመቤታችንን ስንሥል፣ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከእግሯ ሥር ተንበርክኮ ይሣላል። ስሙም ይጻፋል። ተማፃኝ ነው፤ በእሷ ጥላ ሥር ገባ ማለት ነው።»

«እሺ...»

«ከፈረሰ ነገር ሥር የተማፀነስ ማን ጥላ ውስጥ ገባ ትያለሽ?»

ርሆቦት ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች።

«የጻፈው እጅ ይፋቀው» አሉ መሪጌታ። «ሌላ እጅ አይሆንም። ባዶ ቢተወው ግን ይመለሳል። በስምሽ ፈንታ የራሱን ይጻፍ።»

«እሺ ይላል?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ልጄ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ ያሳደግሁት። እሺ ይላል።»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፍሬ ተከራይቶ ወደሚኖርበት ክፍል ገባች። መስኮቱ ክፍት ነው። ከውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሱ ግድግዳውን ሲመታ ግን አይሰማም። ደግነቱ የፍሬ ድምፅ ይሰማታል። የእሱ ብቻ። እንዴት ነው ነገሩ እንጃ።

«አባትህ ጋ ነበርኩ» አለችው።

አልካደም። አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

«ልማድ ነው...» አለ። «ከአባቴ ጋር ስሥል ያደግሁበት ልማድ። ሥዕሉን ስጨርስ ራሴን ከግርጌው አስገባሁ፤ ስሜን ጻፍሁ። እንደ ፊርማ ነው የቆጠርሁት። በማግሥቱ ጆሮዬ መስማት ተወ። ከዚያ አቧራው መጣ። ከዚያ ስሄድ እግሬ መሬት አልነካ አለ።»

«ማጥፋት አትችልም ነበር?»

«አጠፋሁት። ተመልሶ መጣ። ሌላ ሰው ሳስገባ ነው የተወኝ።»

«ሌላ ሰው...» አለች ርሆቦት። «ሌላ ሰው እኔ ነኝ?»

ፍሬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ይህ ሁሉ ሰው ባለበት አገር እኔን አገኘህ? የማታውቀው ሰው ጠፋ?»

«የማላውቀው ሰው የክርስትና ስሙን መቼ ይነግረኛል?» አለ ፍሬ። እያለቀሰ ነው። «ያመነኝ ሰው ብቻ ነው የሚነግረኝ።»

አያችሁልኝ? በገዛ አፉ!

ልትመታው ፈለገች፤ እጇ አልታዘዛትም። «ልብሴን መርጠን ነበር እኮ» አለችው። «ከእኔ ጋር ቀለበት ለመለካት ስትመጣ ስሜ እዚያ ተጽፎ ነበር። አብረኸኝ ምሳ በላህ። ስሜን ጽፈህ... አብረኸኝ በላህ!»

«ፈራሁ፣ ርሆቦት።»

«እኔስ? እኔ ምን ሆኜ የማልፈራ ሆንኩ?»

እግሯ ላይ ወደቀ። «እመልሰዋለሁ» አለ። «አሁን። እያየሽኝ።»

ታብሌቱን ከፈተ። የሷን ስም ፋቀው። ሴትዮዋንም አጠፋት። ከዚያ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ከባዶው ቦታ አንድ ወንድ ሣለና ከሥሩ ጻፈ።

«ተማኅፀነ ገብረ ኪዳን።»

ርሆቦት የፍሬን የክርስትና ስም አታውቅም ነበር። እሷ የሷን ስትነግረው እሱ የራሱን አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

«ያንተ ነው?»

«የኔ ነው» አለ።

ወዲያው ኳሱ ግድግዳውን መታ። ድው! ልጆቹ ይጮሃሉ። ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋል። ከጎረቤት ቴሌቪዥን ይለፈልፋል። ርሆቦት ሁለት ጆሮዋን ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ፣ የዋህ ናትና፣ አዘነችለት። ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አንተስ አሁን ምን ትሆናለህ?»

«የመጣው ይምጣ» አለ ፍሬ። እንባውን ጠረገ። «ራበኝ። ምሳ አልበላሁም።»

በር ላይ ስትደርስ ትዝ አላት። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም።

በማግሥቱ መሪጌታን ልታመሰግን ዘጌ ተሻገረች። ጀልባው ሲጠጋ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል።

ሽማግሌው ከዛፉ ሥር ናቸው። ደወል ሲሰሙ ብድግ ብለው ማማተብ ልማዳቸው ነው። አልተነሡም። አላማተቡም። ቡሩሻቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ያያሉ።

«እንደምን አደሩ?» አለች።

አልመለሱም። ጥላዋ ሲያርፍባቸው ነው ዞር ያሉት።

«መጣሽ፣ ልጄ?» አሉ። እየጮሁ ነበር፤ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚጮኸው። «ዛሬ ወፎቹ የት ሄደው ነው?»

ከራሳቸው በላይ ያለው ዛፍ በወፍ ጫጫታ ተሞልቷል።

ርሆቦት የነጩን ጥምጥማቸውን ጫፍ አየች። ግራጫ አቧራ ለብሷል።

«አይደለም...» አለች። «አይደለም፣ አይደለም...»

አፏን አይተው ገባቸው መሰለኝ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ማንን ጻፈ?»

ጎንበስ ብላ በጣቷ መሬት ላይ ጻፈችላቸው። ገብረ ኪዳን።

ብዙ ጊዜ አዩት።

«ይህችን ስም ከንስሓ አባቴ ሌላ ለአንድ ሰው ነው የነገርሁት» አሉ። «ስሞት ፍትሐት እንዲያስደርግልኝ ብዬ።»

የወለደ አባቱን! ሰማችሁ? እኔስ ይህን ሳስብ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድራለሁ።

መሪጌታ አልተቆጡም። አልረገሙትም። ብቻ ብድግ ብለው መሬት ላይ ያለውን ስም በእግራቸው ጠረጉት። አንዴ... ሁለቴ...

ጽሑፉ ከቦታው አልነቃነቅም አለ። እግራቸው አፈሩን አይነካውም።

ርሆቦት እየሮጠች ተመለሰች። የፍሬ ክፍል ተከፍቶ ባዶውን አገኘችው። አከራዩ፣ «ጎህ ሲቀድ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ ወዴት እንደሆነ አልነገረንም» አሏት። ስልኩ ዝግ ነው። እስከ ዛሬ ዝግ ነው። እኔ ስንት ስድብ አዘጋጅቼ እንደምደውልለት!

መሪጌታን ከዚያ ሳምንት ወዲህ ያየ የለም። ሰው ሐይቁን አሰሰ፣ ጫካውን አሰሰ። ጫማቸው ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ከደጃፉ የወጣ ዱካ አልተገኘም። አንዳንዱ «ምናኔ ገብተው ነው» ይላል። ይበል።

ርሆቦት አሁን ከእኔ ጋር ናት። ኮሌጁን ትታለች። ሰው በር ሲያንኳኳ ስሟን አትናገርም፤ ርሆቦት የሚለውንም ቢሆን። «ደህና ሆንሽ እኮ» ስላት፣ «እሳቸው ባያምኑት ኖሮ እኔ ነበርኩ» ትላለች። ምን ይመለሳል?

ሥዕሉን ከስልኳ አጠፋችው። እኔ ግን ወደ ስልኬ ያስተላለፍሁትን አላጠፋሁትም። ለእሷ አልነገርኋትም እንጂ በየጠዋቱ ከፍቼ አየዋለሁ።

መሪጌታ ከፕላኔቷ ግርጌ አሉ። አልተንበረከኩም፤ ቆመዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውናል። እጃቸው ላይ ቡሩሽ አለ።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከጎናቸው አንድ ሰው እየሣሉ ነው። መጀመሪያ የተንበረከኩ ጉልበቶች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወገብ። ከዚያ የተዘረጉ እጆች። ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ ፊት የለውም። ወላጅ የልጁን የክርስትና ስም እንደሚያውቅ ግን ነግሬአችኋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሳየው ሁለት ጆሮ ሠርተውለታል፤ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ያንሾካሹኩለታል።